ካርል ማን ነው? የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ዓመት

ጥቅምት ላይ የክበቡ የመጀመሪያ ስብሰባ ነበር። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የታክሲ ረዳቶች ‹ካርል፣ ካርል› የሚሉት የሰው ስም ነው እንዴ?» አለችኝ። የዘንድሮ ሥራችን የተነሳው ከዚህች ጥያቄ ነው።

አዎ፣ የሰው ስም ነው። ካርልሃይንዝ ቦም የፊልም ተዋናይ ነበር። በግንቦት 1973 ዓ.ም. በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ ተወራረደ። ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ባለው በሳህል አካባቢ ለተራቡት አንድ ማርክ አያወጣም አለ። የተሰበሰበው ግን ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ሆነ። እሱም ኢትዮጵያ መጣ። በ1974 ዓ.ም. «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ሥራው ሐረርጌ፣ ኤረር ሸለቆ ተጀምሮ ኢሉባቦርና መርሐቤቴ ድረስ ዘለቀ። ረዳቶቹ የሚጠሩት የአዲስ አበባው ካርል አደባባይ በስሙ የተሰየመው ለዚህ ነው።

ልጆቹ እርዳታ ሲባል ስንዴ ማደል ብቻ ይመስላቸው ነበር። የውሃ ጉድጓዱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ችግኝ ጣቢያውና እርከኑ አብረው እንደሚሄዱ ሲያዩ ተገረሙ። እኔም በዚህ አምናለሁ። አፈሩ ታጥቦ ከሄደ ስንዴው ለከርሞም ያስፈልጋል።

ነገሩን በዓይናቸው እንዲያዩት ሁለት ሃይላንድ በቁመቱ ቀደድን። አንዱ ላይ ባዶ አፈር፣ ሌላው ላይ ከነሥሩ የተነሳ ሳር አደረግን። ዘንበል አድርገን እኩል ውሃ አፈሰስንባቸው። ከሳሩ በኩል የወረደው ጠብ ጠብ እያለ ነው፤ ጠራ ያለ ነበር። ከባዶው አፈር የወረደው ቡና መሰለ። አየር ሲሞቅ ብዙ እርጥበት ይሸከማል፤ ሲያወርደውም ባንዴ ሊያወርደው ይችላል። እንዲህ ያለ ዝናብ ባዶ አፈር ላይ ሲወርድ አፈሩን ይዞት ይሄዳል። ይህን ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ልጆቹ የገባቸው ግን የዚያን ቀን ነው።

መርሐቤቴ ያደጉት የጥበቃ ሠራተኛችን ቆመው ሲያዩ ነበር። ጎንበስ ብለው ባዶው አፈር ላይ ጠጠሮች በአግድም ደረደሩ። «እንግዲህ አፍስሱ» አሉ። አሁን የወረደው ውሃ እንደ ቅድሙ አልደፈረሰም። «ውሃ ሩጫውን ሲተው የያዘውን አፈር እዚያው ያስቀምጣል። እኛ አገር በደቦ የምንሠራው ይህንኑ ነው።» ከዚያ በኋላ ልጆቹ በየሳምንቱ «ጋሼ፣ ዛሬስ?» እያሉ ይከቧቸዋል። ከእኔ ይልቅ ከእሳቸው ብዙ ተምረዋል ብዬ አስባለሁ።

የክበቡ ባዛር ጥሩ ነበር፤ ግጥምም ተነቧል። ይበልጥ መናገር የምፈልገው ስለ ችግኞቹ ነው። አምና ክረምት ከቀበና ወንዝ ዳር 40 ችግኝ ተክለን ፎቶ ተነስተን ተመለስን። ታኅሣሥ ላይ ስንሄድ የቆሙት 11 ብቻ ናቸው። አንዱን የደረቀ ወይራ ስንነቅለው ጥቁሩ ፕላስቲክ ሥሩ ላይ እንዳለ ነው። ሥሩ ውስጡ ተጠማዝዞ ታፍኗል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከመትከል በፊት ፕላስቲኩን በምላጭ ቀዶ ማውጣት እንደሚገባ አላሳየኋቸውም። ልጆቹ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ የቆሙትን ችግኞች ቆጥሮ እያንዳንዱን ለሁለት ለሁለት ተማሪ አከፋፈለ።

በጋውን ሙሉ በሳምንት ሁለት ቀን በጄሪካን ውሃ አመላለሱ። የፋሲካ እረፍት ላይም አልቀሩም። 11ዱም አሉ፤ አንዱ ወይራ ወገቤን አልፏል።

ሐምሌ ላይ እንደገና እንተክላለን። ምላጭ ይዛችሁ ኑ።