ክብደቱ ሳይነገረን ስለተከራየነው ፖርቶ መጋላ የቀረበ ቅሬታ

የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመኪና አከራይ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የተያዘብኝ የመያዣ ገንዘብ እንዲመለስልኝና ያወጣሁት ወጪ እንዲተካልኝ ስለመጠየቅ

የልጆቻችንን የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ምክንያት በማድረግ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄደን በድንኳን ለማደር፣ ከጥር 23 እስከ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ አንድ ባለ ሰባት መቀመጫ መኪና ያለ አሽከርካሪ ከድርጅታችሁ ተከራይቼ ነበር። ስድስት ሰው ከነጓዙ መኪናው ውስጥ እንደማይበቃን ስለማውቅ በቀን 600 ብር ጨምሬ ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ ፖርቶ መጋላ እንዲገጠምልኝ ጠየቅሁ። ያዋዋለችኝን ሠራተኛ ስንት ኪሎ እንደሚችል ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ «የፈለጉትን ይጫኑበት፣ ብረት ነው» የሚል ነበር። የቅሬታዬ ሁሉ መነሻ ይህ መልስ ነው።

ጓዙን በዘፈቀደ አልጫንነውም። ክብደት ያላቸውን፣ ማለትም ሁለቱን ባለ 20 ሊትር የውኃ ጀሪካኖች፣ የስንቁን ሳጥንና የማብሰያ ዕቃዎቹን ከመጨረሻው ወንበር ኋላ ወለሉ ላይ አስቀመጥን፤ ወደ ላይ የወጡት ድንኳኑ፣ የመኝታ ከረጢቶቹ፣ የስፖንጅ ፍራሾቹ፣ ተጣጣፊ ወንበሮቹ ከነጠረጴዛቸውና አንድ የልብስ ሻንጣ ብቻ ናቸው። ሁሉንም በሸራ ጠቅልለን በገመድ አሰርናቸው። (ባለቤቴ ወንበሮቹ ይቅሩ ብላ ነበር፤ አለመስማቴን እስከ ዛሬ ታስታውሰኛለች።)

የአዳማን ፈጣን መንገድ እንደያዝን ከጣሪያው ላይ የማያቋርጥ ፉጨት ይሰማ ጀመር፤ የነፋስ ድምፅ መስሎን አለፍነው። አሰላ ላይ ቆመን ስናየው ግን የፊተኛው የቀኝ ማሰሪያ ብሎን ላልቷል። ላጠብቀው ብሞክርም ከመኪናው ጋር ከተሰጡን ቁልፎች ውስጥ ለብሎኑ የሚሆን አልተገኘም፤ ስለዚህ በገመድ ደግፈነው በዝግታ ቀጠልን። ዶዶላን አልፈን ወደ አዳባ ስንጓዝ የበግ መንጋ መንገዱን ሲያቋርጥ ፍሬን ያዝሁ፤ በዚያው ቅጽበት ፖርቶ መጋላው ከነጭነቱ ወደ ፊት ተንሸራቶ የጣሪያውን ቀለም እየላጠ ከፊት መስታወቱ ጠርዝ ላይ ቆመ። በአጠገባችን ሲያልፍ የነበረ ባለ ጋሪ ወርዶ ባያግዘን ኖሮ ጭነቱ አስፋልቱ ላይ ይወድቅ እንደነበር አልጠራጠርም።

ወደ ዶዶላ ተመልሰን ያገኘነው መካኒክ ፖርቶ መጋላውን አውርዶ ሁለት ነገሮችን አሳየኝ። አንደኛው፣ ማሰሪያዎቹ የተሠሩት በጣሪያው ጎንና ጎን የውኃ መውረጃ ጠርዝ ላለው የቆየ ዓይነት መኪና ሲሆን፣ የእናንተ መኪና ግን እንዲህ ያለ ጠርዝ ስለሌለው ማሰሪያዎቹ የሚነክሱት ነገር አልነበራቸውም፤ ከዚህም በላይ ከስምንቱ ብሎኖች ሁለቱ ዳዶ አልነበራቸውም። ሁለተኛው ክብደቱ ነው። ፖርቶ መጋላው በብየዳ የተሠራ ወፍራም ብረት በመሆኑ ባዶውን በወፍጮ ቤት ሚዛን ሲመዘን 31 ኪሎ ሆነ፤ በዚያው ሚዛን የተመዘነው ጓዛችን ደግሞ 74 ኪሎ ነበር። ከዳሽቦርዱ ኪስ ባገኘሁት የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ግን ጣሪያው በጉዞ ላይ መሸከም የሚችለው 80 ኪሎ መሆኑና ይህም የፖርቶ መጋላውን ክብደት የሚጨምር መሆኑ ተጽፏል። ስለዚህ እኛ ገና አንዲት ፍራሽ ሳንጭን ከተፈቀደው ላይ 31 ኪሎው አልቆ ነበር ማለት ነው።

ጉዟችን ከዚያ በኋላ እንዳሰብነው አልሆነም። መካኒኩ አዲስ ዳዶ አስገብቶ ባዶውን ፖርቶ መጋላ መልሶ ካሰረልን በኋላ ጓዙን በፒክአፕ የፓርኩ መግቢያ እስካለበት ዲንሾ አስጫንን። የፒክአፑ ባለቤት ከዚያ በላይ ለመሄድ ፈቃደኛ ስላልነበረ፣ የሳነቴን አምባ አቋርጠን ሐረና ጫካ ውስጥ ለማደር የነበረን ዕቅድ ቀረ፤ በሳነቴ ቀይ ቀበሮ ለማየት ወር ሙሉ ቀን ሲቆጥሩ የነበሩ ልጆችም የቀሩትን ቀናት በዲንሾ ዙሪያ አሳልፈው ተመለሱ። ጓዛችን በአውቶቡስ ተጭኖ አዲስ አበባ ገባ።

መኪናውን ስመልስ ድርጅታችሁ «ከመጠን በላይ ጭነዋል» በሚል ምክንያት ከ20,000 ብር መያዣዬ ላይ 14,000 ብር ለጣሪያው መቧጨርና መሰርጎድ ያዘ። ጭነቱ ከመመሪያው በላይ እንደነበረ አልክድም። ሆኖም ልኩን ጠይቄ ልክ የለውም የተባልሁት እኔ ነኝ። ብዙዎቻችን ፖርቶ መጋላን የምናውቀው ፍየሉም፣ አልጋውም፣ የጤፍ ኬሻውም አንድ ላይ ከሚጫንበት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ በመሆኑ፣ የቤት መኪና ጣሪያ እንደዚያ አለመሆኑን የሚነግረን አከራዩ መሆን ነበረበት፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጣሪያውን የሰረጎደውም ጓዛችን ብቻ ሳይሆን፣ ለዚያ መኪና ያልተሠራውና የሚይዝበት ያጣው ብረታችሁ ነው።

ስለሆነም የተያዘብኝ 14,000 ብር፣ ለአምስት ቀን ፖርቶ መጋላ የከፈልሁት 3,000 ብር፣ ለፒክአፕ 5,500 ብር፣ ለአውቶቡስ ጭነት 1,400 ብር እንዲሁም ለመካኒክ 800 ብር፣ በድምሩ 24,700 ብር ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ያ ፖርቶ መጋላም ለሌላ ቤተሰብ ከመከራየቱ በፊት ከዚያ መኪና ላይ እንዲወርድ፣ ወደፊትም የፖርቶ መጋላው ክብደት ተቀንሶ የሚቀረው የጭነት ልክ በውሉ ላይ በቁጥር እንዲጻፍ አሳስባለሁ። በተጠቀሰው ጊዜ ምላሽ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለሚመለከተው የንግድ ቢሮ አቀርባለሁ።

የውሉን፣ የደረሰኞቹንና የመመሪያውን ገጽ ቅጂ እንዲሁም ዶዶላ ላይ የተነሱ ስድስት ፎቶግራፎችን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ከሠላምታ ጋር
ተከራዩ (ፊርማ)