የገንዘብ መልስ መቁጠር ለሚማሩ ልጆች የድጋፍ ጥሪ

አንዲት የ7 ዓመት ልጅን «ከ50 ላይ 23 ሲቀነስ ስንት ይቀራል?» ብላችሁ ጠይቋት። 33 ብትላችሁ አትደነቁ። ከ0 ላይ 3 አልቀነስ ሲላት ገልብጣ ከ3 ላይ 0 ቀንሳ ነው። ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ይሰናከላሉ። ስንፍና አይደለም። «መበደር» የሚባለው ነገር ደብተር ላይ የሚጻፍ ምልክት ብቻ ሆኖባቸው ነው።

አሁን ለዚችው ልጅ አምስት ባለ 10 የመጫወቻ ገንዘብ ስጧትና 23 ክፈይ በሏት። ሁለት ባለ 10 ታወጣለች። ለ3 ግን ዝርዝር የላትም። ስለዚህ አንዱን ባለ 10 በአስር ባለ 1 ትዘረዝራለች። መበደር ማለት ይኸው ነው፤ በገዛ እጇ ሠራችው። እጇ ላይ የቀረውን ስትቆጥር 27 ነው።

ሻጭ ስትሆን ደግሞ፣ ገዢ 23 ለሚያወጣ ዕቃ 50 ሲሰጣት፣ መቀነሱም ይቀራል። ከ23 ተነስታ ወደ ላይ ትቆጥራለች። 2 ስትጨምር 25፣ 5 ስትጨምር 30፣ ሁለት ባለ 10 ስትጨምር 50። ለገዢው የቆጠረችለት መልስ ያው 27 ነው። ስንት ሻጭ ሳያስበው በየቀኑ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ለልጆች ግን ቁጭ ብሎ የሚያሳያቸው ያስፈልጋል።

እኛ ጥቂት ወላጆችና መምህራን ለዚህ የሚሆን የመለማመጃ ሣጥን እያዘጋጀን ነው። አንዱ ሣጥን ለ4 ልጆች ነው፤ ሁለቱ ሻጭ፣ ሁለቱ ገዢ ይሆናሉ። ውስጡ ባለ 1፣ ባለ 5፣ ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 የመጫወቻ ገንዘብ፣ ዋጋ የተጻፈባቸው ካርዶችም አሉት። ባለ 1 ብቻውን 40 እንዲሆን ወስነናል። ዝርዝር ሲያልቅ ጨዋታው ይቆማላ!

የቸገረን ወረቀቱ ነው። ስስ ወረቀት በልጆች እጅ ሳምንት አይቆይም። ስለዚህ ገንዘብ የምንጠይቀው ለወፍራም ወረቀት፣ ለሕትመትና በፕላስቲክ ለማስለበጥ ነው። ለጉልበታችን የምንወስደው ክፍያ የለም። የገባውና የወጣው ሂሳብ ለሰጪው ሁሉ ይደርሳል።

ገንዘብ ባይኖራችሁ ንጹሕ ባዶ ካርቶኖችና ዕቃ መያዣዎች አምጡልን፤ ልጆቹ «ሱቅ» ይሠሩባቸዋል። መቀስ ይዞ የሚመጣም እንፈልጋለን። እውነተኛ ገንዘብ ኮፒ አድርጋችሁ ግን አታምጡ፤ በብዙ አገሮች ሕግ ይከለክላል። የብረት ሳንቲምም ይቅር፤ ቤት ውስጥ ትንንሽ ሕፃናት ካሉ አፋቸው ውስጥ ይከቱታል።

ከሁሉ በላይ የሚናፍቀን ግን በሳምንት አንድ ሰዓት ከልጆች ጋር የሚቀመጥ ሰው ነው። አንድ ልጅ ባለ 50 ሰጥቶ ሦስት አራት ወረቀት ሲመለስለት «አተረፍኩ!» ብሎ ይቦርቃል። ያን ጊዜ ሳይስቅበት አብሮት የሚቆጥር ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል።

ለመርዳት የፈቀዳችሁ፣ ይህን ጥሪ ላደረሳችሁ ሰው ምን ማድረግ እንደምትችሉ ንገሩት፤ እሱ ከእኛ ያገናኛችኋል።