«ፕሪቴንድ»ን በ«ማስመሰል» ብቻ አትፍቱት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በእንግሊዝኛ ትምህርት ዓምዳችሁ ላይ «ፕሪቴንድ» የሚለው ግስ «ማስመሰል» ተብሎ በአንድ ቃል ተፈትቶ አየን። ፍቺው ስህተት አይደለም፤ ተማሪውን ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይጥለዋል። ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ፍቺ በደብተሩ ይጽፍና ከዚያ በኋላ «መሰለ» የሚል ቃል በገጠመው ቁጥር «ፕሪቴንድ» ይለጥፋል። «ሊዘንብ ይመስላል» ለማለት «ኢት ፕሪቴንድስ ቱ ሬይን» ብሎ የሚጽፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ጣርማበር ላይ ጉሙ የቱንም ያህል ቢከብድ ሰማዩ ማንንም ሊያታልል አላሰበም። እዚያ ቦታ የሚገባው «ኢት ሉክስ ላይክ ሬይን» ነው።

ችግሩ የሚነሳው ከአማርኛው ግስ ስፋት ነው። «ልጁ አባቱን ይመስላል» ስንል የምናወራው ስለ መልክ ነው፤ እንግሊዝኛው «ሪዜምብል» ይላል። «የታመመ ይመስላል» የተናጋሪው ግምት ነው፤ «ሲም» ይባላል። «የታመመ መስሎ ከክፍል ቀረ» ግን የልጁ የራሱ ተንኮል ነው፤ «ፕሪቴንድ» የሚመጣው እዚህ ብቻ ነው። «የአባቱን ፊርማ አስመስሎ ፈረመ» ሲባል ደግሞ ፊርማው በወረቀቱ ላይ በእርግጥ ስላለ ቃሉ «ፎርጅ» ነው። ይህንን ያልለየ ተማሪ ስለታመመ ጓደኛው ሊያዝን ፈልጎ «ማይ ፍሬንድ ፕሪቴንድስ ቱ ቢ ሲክ» ብሎ ይጽፍና ጓደኛውን ሳያውቀው ውሸታም ያደርገዋል።

ስለዚህ ተማሪው ከመጻፉ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ። አድራጊው አውቆ ነው? ሊያሳይ የፈለገው ነገርስ በእውነቱ የለም? ሁለቱም መልሶች «አዎ» ከሆኑ «ፕሪቴንድ» ይገባል። ለመጀመሪያው ጥያቄ አማርኛ ራሱ የሚያግዝ ቃል አለው፦ «አውቆ»። «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይነቃም» የሚለውን ተረት የማያውቅ ተማሪ የለም፤ «አውቆ አበድ» የሚለውንም እንዲሁ። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «አውቆ» ሲገባ ትርጉሙ ካልተበላሸ መንገዱ ትክክል ነው። «አውቆ ሊዘንብ ይመስላል» ግን አይባልም።

ቀጥሎ ያለው ሰዋስው ነው፤ ብዙው ነጥብ የሚጣለውም እዚህ ላይ ነው። ከ«ፕሪቴንድ» በኋላ የሚመጣው «ቱ» እና ያልተለወጠ ግስ፣ አለዚያም «ዛት» የሚያስከትል ሙሉ ሐረግ ነው። «ፕሪቴንዲድ ስሊፒንግ» አይባልም። «እንጆይ» እና «ፊኒሽ» በ«ኢንግ» የሚያልቅ ግስ ስለሚከተላቸው ተማሪው እዚህም ያንኑ ይጠቀማል። አስመሳዩና ነገሩ የሚነገርለት አካል አንድ ሲሆኑ «ቱ» ያጥራል፤ ሲለያዩ «ዛት» ግድ ነው። «ልጁ በሩ የተቆለፈ አስመሰለ» ለማለት «ዘ ቦይ ፕሪቴንዲድ ዛት ዘ ዶር ዎዝ ሎክድ» ይባላል።

የአማርኛ ተናጋሪን ከሁሉ በላይ የሚያስተው ጊዜው ነው። «የተኛ መሰለ» በሚለው ውስጥ «የተኛ» በቅርጹ ያለፈ ነው፤ ትርጉሙ ግን አሁን ያለበት ሁኔታ ነው። ተማሪው ቅርጹን ተከትሎ «ሂ ፕሪቴንዲድ ቱ ሃቭ ስሌፕት» ሲል እንግሊዛዊው የሚገባው «ቀደም ብዬ ተኝቼ ነበር ብሎ ዋሸ» የሚል ነው። ትክክሉ «ቱ ቢ አስሊፕ» ነው። «የታመመ»፣ «የደከመው»፣ «የተናደደ»፣ «የገባው» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው፤ «የገባው መሰለ» ቢባል «ፕሪቴንዲድ ቱ አንደርስታንድ» ይበቃል። በሌላ በኩል «መጽሐፉን ያነበበ መሰለ» የእውነት ያለፈ ድርጊት ስለሆነ «ፕሪቴንዲድ ቱ ሃቭ ሬድ ዘ ቡክ» ይሆናል። «የሚያነብ መሰለ» ሲሆን ደግሞ ዓይኑ ገጹ ላይ ነው፣ ልቡ ግን ሌላ ቦታ፤ «ፕሪቴንዲድ ቱ ቢ ሪዲንግ» ይባላል። መለያው ቀላል ነው፤ ግሱን «ተኝቷል»፣ «አንብቧል» ወደሚለው ቅርጽ አምጡት። «ተኝቷል» ማለት አሁን እንደተኛ ነው፤ «አንብቧል» ማለት ግን ጨርሷል።

አሉታው ሌላ ወጥመድ ነው። አማርኛ «ያላየኝ መሰለ» ሲል አሉታውን የሚያስገባው በውስጠኛው ግስ ላይ ነው። እንግሊዝኛውም ያንኑ ያደርጋል፦ «ሂ ፕሪቴንዲድ ኖት ቱ ሲ ሚ»። ተማሪው ግን ያለፈ ጊዜ አሉታ ሁሉ በ«ዲድንት» እንደሚጀምር ስለተማረ «ሂ ዲድንት ፕሪቴንድ ቱ ሲ ሚ» ይላል። ይህኛው «ያየኝ ለመምሰል አልሞከረም» ማለት ነው፤ መንገድ ላይ አይቶ እንዳላየ ያለፈ ሰው ጭራሽ ሐቀኛ ሆኖ ቁጭ ይላል። በምርጫ ፈተና ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ሲቀርቡ ጎበዝ የሚባለውም ተማሪ ይሳሳታል።

«አስመሰለብኝ» የሚለውን ቃል በቃል ወስዶ «ሂ ፕሪቴንዲድ ሚ» ወይም «ፕሪቴንዲድ ኦን ሚ» ማለትም አለ። «ፕሪቴንድ» የተታለለውን ሰው በቀጥታ አይቀበልም። ሰውየውን መጥቀስ ካስፈለገ «ዲሲቭ» አለ። «ፌይን» የሚባለው ግስ ደግሞ ስም አስከትሎ «ፌይን ኢልነስ» ይላል፤ ለጽሑፍ እንጂ ለወሬ አይሆንም።

«ማስመሰል» የሚለው ፍቺ ጨርሶ የማይሠራባቸው ሁለት ቦታዎችም አሉ። አንዱ የልጆች ጨዋታ ነው። እቃቃ የሚጫወቱ ልጆች «አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ አባት ልሁን» ሲባባሉ እንግሊዝኛው «ሌትስ ፕሪቴንድ» ይላል። እዚህ የሚታለል የለም፤ ሁሉም ያውቃል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «እንሁን» ወይም «እንበል» እንጂ «እናስመስል» ቢባል ጨዋታው ይበላሻል።

ሁለተኛው ከበድ ያለ ነው፤ የታሪክ ጽሑፍ የሚተረጉሙ ሰዎች ልብ ቢሉት እንወዳለን። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩም «ከፊት መዘርጋት» ማለት ነው። ከፊት የሚዘረጋው ሽፋን ሊሆን ይችላል፤ የመብት ጥያቄም ሊሆን ይችላል። ፈረንሳይኛው ዛሬም ለ«ነው ባይ»ነት ይጠቀምበታል፤ በእንግሊዝኛም «አይ ዶንት ፕሪቴንድ ቱ ኖው» የሚለው «አውቃለሁ አልልም» ማለት ነው። «ፕሪቴንደር» የተባለውም ዙፋን ይገባኛል ባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1688 የተወለደው ጄምስ ኤድዋርድ ስቱዋርት «ኦልድ ፕሪቴንደር»፣ እ.ኤ.አ. በ1745 ስኮትላንድ የገባው ልጁ ቻርልስ ደግሞ «ያንግ ፕሪቴንደር» ይባላሉ። ማንነታቸውን ለውጠው አልቀረቡም፤ የጠየቁት አባትና አያት የነገሡበትን የእንግሊዝና የስኮትላንድ ዘውድ ነው። በእኛም በጣሊያን ወረራ ዘመን የሸዋ አርበኞች የልጅ ኢያሱን ልጅ መላከ ፀሐይን አንግሠው ነበር። አንድ የእንግሊዝኛ ጸሐፊ እርሱን «ፕሪቴንደር» ቢለው በ«አስመሳይ» መተርጎም በሰውየውም በአርበኞቹም ላይ ጽሑፉ ውስጥ የሌለ ስድብ መጨመር ነው።

ለፍርድ ቤት ዜና «ፎልስ ፕሪቴንስስ» ሲገጥማችሁ በ«ውሸት ማስመሰል» አትድከሙ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 «አታላይነት» የሚል ቃል አለው። «ፕሪቴንስ» የሚለውን ስም ስትጽፉ የእንግሊዞቹ አጻጻፍ ከመጨረሻው «ኢ» በፊት «ሲ»፣ የአሜሪካኖቹ «ኤስ» መሆኑን ለተማሪው ንገሩት፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ በአንድ ወረቀት ላይ መቀላቀል ግን አይገባም። ግሱ ሲነበብ ድምፁ የሚጠብቀው «ቴንድ» ላይ ነው። ያለፈው ጊዜም ግሱ በ«ድ» ስለሚያልቅ «ዲድ» የሚል ተጨማሪ ድምፅ አለው፤ ይህቺ ድምፅ በንግግር ስለምትዋጥ በጽሑፍም ትረሳለች።

በሚቀጥለው ዕትም ቃሉን የምታርሙት ከሆነ አንድ ፍቺ ከምትሰጡ ሦስት ዓረፍተ ነገር አትሙልን፦ የተኛ የመሰለው፣ ያነበበ የመሰለው፣ ያላየ የመሰለው።

የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህራን
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ