ለአባዬ፤ ስለ እግርህ ብረት

ውድ አባዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የጎተንበርግ ዝናብ አያባራም እንጂ ብርዱስ የደብረ ብርሃንን አያህልም።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ግን ገና ‹‹እግርህ እንዴት ነው?›› ከማለቴ ‹‹ደህና ነኝ፤ እናትሽን ላገናኝሽ›› ትልና ስልኩን ታቀብላታለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። መነጽርህን አድርገህ ቀስ ብለህ አንብበው።

እህቴ ሁሉንም ነግራኛለች። ሐኪሙ በክራንች እየተደገፍክ፣ እግርህን መሬት እያስረገጥክ ሂድ ካለህ ሰንብቷል። አንተ ግን ከሶፋው ንቅንቅ አልልም ብለሃል። ብረቱ ቢታጠፍስ፣ ብሎኑ ቢላላስ፣ ውስጥ ለውስጥ ቢዝግስ ትላለህ አሉ። ጎረቤት ደግሞ ጥሩ ወጌሻ እናምጣ እያለ ነው። ‹‹ያቺ ልጅ ስለ አጥንት አይደል የምታጠናው? እሷ ምን ትላለች?›› ብለህ መጠየቅህን ስሰማ ግን ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ ሰው ሲጠይቅህ ‹‹ኢንጂነር ናት፤ ድልድይ ነው መሰለኝ የምትሠራው›› ስትል ነው የኖርከው!

በዚህ ዕድሜህ ጣሪያ ላይ ምን አወጣህ የሚለውን እኔ አላነሳም። እማዬ በደንብ አንስታዋለች።

ከብረቱ ልጀምር። ዕድሜውን ሙሉ በርና መስኮት ሲገጥም የኖረ ሰው ገላው ውስጥ ምን እንደተገጠመ ማወቅ አለበት። የመውጫ ወረቀትህ ላይ ‹‹ሳይን ኔይል›› ይላል። ሚስማር ይባል እንጂ ድፍን የብረት ዘንግ ነው። ከጉልበትህ ሥር ገብቶ፣ በቅልጥምህ መቅኔ ውስጥ አልፎ፣ ወደ ቁርጭምጭሚትህ ይወርዳል። ከስብራቱ በላይና በታች በብሎን ተቆልፏል።

የዚህ ሚስማር ታሪክ ደስ ይልሃል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) ሚስማሩን የሚሠራውን ‹‹ሳይን›› የተባለ ድርጅት በ1999 ያቋቋሙት ሉዊስ ዘርክል የሚባሉ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ናቸው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የጦር ሠራዊት ሐኪም ነበሩ። ያዩት ችግር ይኸውልህ። ዘንጉ አጥንት ውስጥ ከገባ በኋላ የብሎኑ ቀዳዳ የት እንዳለ ከውጭ አይታይም። ሀብታም አገር ሐኪሙ እየቆፈረ በቀጥታ የሚያሳይ የኤክስሬይ ማሽን ፊቱ ተደቅኖለታል። ማሽኑ የሌለው ሆስፒታልስ? ከሚስማሩ ጫፍ ጋር የሚታሰር፣ ከቆዳ ውጭ ተዘርግቶ የቀዳዳዎቹን ልክ የሚያመላክት ክንድ ተሠራ። ሐኪሙ ትራፓኖውን በዚያ ክንድ ቀዳዳ አስገብቶ ይቆፍራል። አለቀ። አናጢ ሲያየው ወዲያው የሚገባው፣ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ዘዴ ነው። ይህ ሚስማር ጥቁር አንበሳን ጨምሮ እኛም አገር ይሠራበታል። እኔ እዚህ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዋጋቸው ሰማይ የነካ ማሽኖች እያየሁ የማስበው ያንን ክንድ ነው። በቅርብ ጊዜ ከተፈጠሩት የአጥንት ሕክምና ዕቃዎች ውስጥ እኔን የበለጠ የሚያስቀናኝ የለም።

ስለ ዝገቱ አትስጋ። ብረቱ ክሮሚየም ያለበት የማይዝግ ብረት ነው። ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ቢጫርም ሽፋኑ ራሱን መልሶ ይሠራል። የሰው ገላ ጨዋማ ስለሆነ ተራ ብረት ቢሆን ኖሮ ይበላው ነበር።

የብሎኑ ጥያቄህ ግን የባለሙያ ጥያቄ ነው። እንጨት ውስጥ የገባ ብሎን በተወዛወዘ ቁጥር ቀዳዳው እየሰፋ ይላላል። አንተ ስንጥርና ኮላ ጨምረህ መልሰህ ታጠብቀዋለህ። አጥንት ላይም ብሎን ሊላላ ይችላል፣ አልደብቅህም። ልዩነቱ እንጨቱ የሞተ መሆኑ ነው። አጥንቱ ሕያው ነው፤ ለገባበት ነገር መልስ ይሰጣል።

ይህን ነገር ለዓለም ያሳዩት ሰው የኖሩት እዚሁ ከተማ ነው። ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ ይባላሉ። በ1952 ሉንድ በምትባል የስዊድን ከተማ የደም ዝውውር ያጠኑ ነበር። ጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ከታይታኒየም የተሠራ ትንሽ መመልከቻ ገጥመው በማይክሮስኮፕ ያዩ ነበር። ጥናቱ ሲያልቅ ዕቃውን ሊያወጡት ቢሉ እምቢ አለ። ውድ ዕቃ ነው፣ ለሌላ ጥንቸል ይፈለጋል፤ ግን አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተዋህዷል። ሌላ ሰው ቢሆን ተናዶ ይተወው ነበር። እሳቸው የደም ዝውውሩን ትተው እሱን ማጥናት ያዙ። በ1965 እዚህ ጎተንበርግ የመጀመሪያውን ሰው መንጋጋ ላይ የታይታኒየም ብሎን ተክለው ጥርስ ገጠሙለት። ዛሬ አዲስ አበባ ‹‹ጥርስ እንተክላለን›› የሚል ማስታወቂያ ስታይ ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ጥንቸል ነው። ከ1990 ጀምሮ ደግሞ እግሩ ከጭኑ ለተቆረጠ ሰው ሰው ሠራሹን እግር በቀጥታ ከአጥንቱ ጋር ማያያዝ ተጀመረ፤ ይህም እዚሁ ነው።

ያንተው ብረት ታይታኒየም ስላልሆነ እንደዚያ አይዋሃድህም። ለአንተ ግን ይህ ጉዳት የለውም። ምናልባት ማውጣት ቢያስፈልግ በቀላሉ ይወጣል። ብሎኖቹም ሥራቸው አጥንቱ እስኪገጥም መያዝ ብቻ ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፣ አባዬ። ብረቱ አይጠግንህም። ብረቱ ይይዝልሃል፤ የሚጠግነው አጥንትህ ራሱ ነው። አጥንቱ ካልገጠመ ደግሞ የትኛውም ብረት እልፍ ጊዜ ሲጫኑት ቆይቶ ይደክማል፣ ይሰበራል። ስለዚህ ጥያቄው ‹‹ብረቱን እንዴት ላስርፈው?›› አይደለም። ‹‹አጥንቱ ቶሎ እንዲገጥም ምን ላድርግ?›› ነው። መልሱ ደግሞ መራመድ ነው።

አጥንት ሲሰበር መጀመሪያ ደም ይፈስና ይረጋል። ያ የረጋ ደም የጥገናው መጀመሪያ ነው። በሳምንታት ውስጥ እንደ ጆሮና እንደ አፍንጫ ጫፍ ያለ ልም አጥንት ክፍተቱን ይሞላዋል። ቀጥሎ ካልሲየም እየገባበት ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት እየፈጀ የቀድሞ ቅርጹን ይይዛል። ቆዳህ ላይ ያለው ስፌት ጠባሳ ይተዋል፤ አጥንት ግን ሲድን የሚተካው በአጥንት ነው። እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስንለፋ የምንውለው ይህንን ለመኮረጅ ነው። እስካሁን አልቻልንበትም።

ሥራው ግን ሸክም ይፈልጋል። ዩሊየስ ቮልፍ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1892 አጥንት በሚሸከመው ልክ ራሱን እንደሚያበጅ ጽፏል። ሸክም ያለበት ቦታ ይወፍራል፤ ሸክም የሌለበት ይሳሳል። ጠፈር ላይ ክብደት አልባ ሆነው የሚከርሙ ሰዎች ከአንዳንድ አጥንቶቻቸው በወር 1 በመቶ ገደማ ያጣሉ። ሶፋ ላይ መክረምም የዚያ ወንድም ነው።

አንድ የምወደው ጥናት ደግሞ አለ። ጉድሺፕና ኬንራይት የሚባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በ1985 ያወጡት ነው። የተሰበረ የበግ ቅልጥም ይዘው ከውጭ በብረት አሰሩት። ለአንዱ ወገን አጥንቱን ጭራሽ እንዳይነቃነቅ አጥብቀው ተዉት። ለሌላው ወገን በቀን 17 ደቂቃ ያህል ብቻ በ1 ሚሊሜትር ልክ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንቀሳቀስ አደረጉት። ማን ቀድሞ ዳነ? የተንቀሳቀሰው። አስበው፤ 17 ደቂቃ፣ 1 ሚሊሜትር። በብዛት ቢነቃነቅ እንዳይገጥም ያደርገዋል፤ ጨርሶ ቢታሰርም ይዘገያል። መቅኔህ ውስጥ ያለው ዘንግ ጥሩነቱ ይህን ትንሿን እንቅስቃሴ መፍቀዱ ነው። አንተ ስትረግጥ ነው ሥራውን የሚሠራው።

እህቴ የላከችልኝን ኤክስሬይ ስልኬ ላይ አጉልቼ ደጋግሜ አየሁት። የስብራቱ መስመር አሁንም አለ። ግን ከኋላ በኩል ደብዘዝ ያለ ነጭ ነገር መስመሩን ተሻግሮ ላይኛውን ከታችኛው ማያያዝ ጀምሯል። ከፊት በኩል ገና ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሐኪምህ ግን ይህንኑ አይቶ ነው ተራመድ ያለህ፤ የዕድሜህን ነገርም አስገብቶ ነው።

ስለ ወጌሻው ደግሞ፣ ነገሩን ለመናቅ እንዳይመስልብኝ። የወለቀ ትከሻ በአንድ እጅ የሚመልሱ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አደጋው በቀርከሃ አጥብቆ ማሰሩ ላይ ነው። እግር ሲያብጥ ማሰሪያው ደም ይዘጋል፤ ሥጋው ይሞታል፤ መጨረሻው መቁረጥ ይሆናል። በ2005 የታተመ አንድ የኢትዮጵያ ጥናት ወጌሻዎቹን ሰብስቦ ስለ አስተሳሰሩ ማሠልጠን በዚህ ምክንያት የሚቆረጠውን እግርና እጅ እንደቀነሰው አሳይቷል። ከማሳደድ ማስተማሩ ይሻላል ማለት ነው፤ እኔም በዚህ አምናለሁ። ያንተ አጥንት ግን ከውስጥ ተይዟል። ወጌሻ የሚያስረው ነገር የለም። እሽቱም ይቅርብህ። ለወግ ያህል ይምጣና ቡና ጠጥቶ ይሂድ።

ብረቱ መቼ ይወጣል ላልከው፣ ካላስቸገረህ በዚህ ዕድሜ አይወጣም፤ አብሮህ ይኖራል። ሊያስቸግርህ የሚችለው ጉልበትህ ነው። ሚስማሩ የገባው በዚያ ስለሆነ ሲንበረከኩ ማመሙ የተለመደ ነው። ስግደቱን ለጊዜው ቆመህ አድርሰው። አባ ይፈቅዱልሃል፤ እህቴ ጠይቃቸዋለች።

የእኔም ሥራ ከዚሁ ከማውጣት ጥያቄ የመጣ ነው። ብረቱ ሥራውን ሲጨርስ ራሱ ቢጠፋስ? ማግኒዚየም እንዲህ ያለ ብረት ነው፤ ገላ ውስጥ ይሟሟል። ሰውነታችንም የሚፈልገው ነገር ነው፤ ከግማሽ በላዩ አጥንታችን ውስጥ ይገኛል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አልቢን ላምቦት የሚባል ቤልጂጋዊ ሐኪም በ1907 የተሰበረ እግር በማግኒዚየም ሰሌዳና በወርቅ በተለበጡ የብረት ሚስማሮች አሰረ። በ8 ቀን ሰሌዳው ተበታተነ፤ ቆዳው ሥር ጋዝ ሞላ። ወርቅና ማግኒዚየም ጨዋማ ነገር ውስጥ ሲነካኩ ማግኒዚየሙ በፍጥነት ያልቃል።

ዛሬም የምንታገለው ከዚያው ጋዝ ጋር ነው። ጠረጴዛዬ ላይ 37 ዲግሪ የሚሞቅ ጨዋማ ውሃ አለ። ከሥሩ ትንሽ የማግኒዚየም ብሎን ተቀምጧል። ከብሎኑ ጥርሶች መሐል ደቃቅ አረፋ እየተላቀቀ ወደ ላይ ይወጣል። በላዩ ፈነል ተደፍቶበታል፤ አረፋው ቁጥር ወደተጻፈበት የመስታወት ቱቦ ይገባል። እኔ የወጣውን ጋዝ እለካለሁ። 1 ግራም ማግኒዚየም ተሟሙቶ ሲያልቅ 1 ሊትር የሚጠጋ ሃይድሮጅን ይለቃል። ቀስ ብሎ ከወጣ ደም ይወስደዋል፤ ከፈጠነ አጥንቱ አጠገብ ይጠራቀማል። እኛ የምንቀያይረው የሚደባለቀውን ሌላ ማዕድንና የላይኛውን ሽፋን ነው። ብሎኑ አጥንቱ ሳይገጥም ከሟሟ ከንቱ ነው። ከገጠመ በኋላ ዓመታት ከቆየም ተራ ብረት መሆኑ ነው። በ2013 አንድ የጀርመን ኩባንያ እንዲህ ያለ ብሎን ለአውሮፓ ገበያ አስፈቅዷል፤ ለእግር ጣትና ለመሳሰሉት ትናንሽ አጥንቶች ይሠራበታል። የቅልጥምህን ሸክም ግን ገና አይችለውም። ድልድይ አልሠራም ማለቴ ይህ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልበልህ። ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዛህ አትዋጥ፤ ለኩላሊትህም ለጨጓራህም ጥሩ አይደለም፣ የአጥንት ጥገናን ያዘገያል የሚሉም አሉ። ሐኪሙን ጠይቀው። በጾሙ ሽሮውንና ምስሩን አታሳንስ። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ፀሐይ ሙቅ። ስትራመድ ሸበጥ አታድርግ፤ ተረከዙን የሚይዝ ጫማ አድርግ። እግርህ ካበጠና ከቀላ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣብህ ሳታድር ሆስፒታል ሂድ።

የሚቀጥለው ኤክስሬይ ሲነሳ ከፊትም ከጎንም እንዲነሳ ጠይቅ። ለእህቴም ንገራት፤ ወደ መስኮት ይዛ ብርሃን እያሳለፈች ታንሳውና በቴሌግራም ስትልከው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ታድርገው። እንደ ፎቶ ሲላክ ይደበዝዛል፤ እኔ ማየት የምፈልገው ደግሞ የፊቱን በኩል ነው።

ልጅህ
ጎተንበርግ