ከታዘዘልህ አብልጠህ አትውሰድ

ይድረስ ለልጄ፣

እንኳን ለመጀመሪያ ደመወዝህ አበቃህ። ገቢዎች ቅርንጫፍ መመደብህን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። «እሰይ፣ ተገላገልሽ!» ይሉኛል። እንዲህ የሚሉት ደመወዝህን አስበው እንዳልሆነ አንተም አታጣውም።

እስቲ ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3ን አውጣና ከቁጥር 10 እስከ 14 አንብብልኝ። አዲሱን ዓመት በመጥምቁ ዮሐንስ ስም «ቅዱስ ዮሐንስ» እያልን እንቀበላለን፤ ለቀራጮች፣ ለግብር ሰብሳቢዎቹ፣ የተናገረውን ግን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

ሕዝቡ ወደ ዮሐንስ መጥቶ «እንግዲህ ምን እናድርግ?» ይለዋል። ዮሐንስ የግመል ጠጉር ለብሶ፣ አንበጣና የበረሃ ማር እየበላ የሚኖር ሰው ነው። «ሥራችሁን ጥላችሁ በረሃ ግቡ» ቢላቸው ማንም አይገረምም ነበር። እሱ ግን ቀራጮቹን «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» ብሎ ወደየሥራቸው ሰደዳቸው። ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። በዚያ ዘመን የኬላ ቀረጥ የመሰብሰቡ መብት በገንዘብ ይገዛ ነበር። የገዛው ሰው ያወጣውንም ትርፉንም ከመንገደኛው ያስመልሳል። አብልጦ መውሰድ የሥራው ጠባይ ነበር ማለት ይቻላል። የኢያሪኮው የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስም ጌታን ቤቱ ባስተናገደ ጊዜ፣ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ አንተ ጠረጴዛ ልምጣ። እኔ ባለሱቅ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከጠረጴዛው ወዲህ ማዶ ቆሜያለሁ። «ሲስተም የለም»፣ «ፋይልሽ አልተገኘም»፣ «ነገ ተመለሺ» ሲባል መቼ እውነት እንደሆነ፣ መቼ ደግሞ «የሻይ አምጪ» ማለት እንደሆነ እንለያለን። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በየከተማው ነጋዴ ሱቁን የዘጋው «ከገቢዬ በላይ ተገመተብኝ» ብሎ ነው። ስለዚህ ቡና አፍልታ የምታድር ሴት ፊትህ ስትቆም ስሌቱን አሳያት። ቅር ካላት አቤቱታ የት እንደምታቀርብ ንገራት። ፋይሏ እያለ የለም አትበላት። ዮሐንስ እንደ ቀራጮቹ መጥተው ለጠየቁት ወታደሮች «በማንም ግፍ አትሥሩ» ያለው እኮ ይኸው ነው።

«ከታዘዘላችሁ» የሚለውንም አትዝለለው። የታዘዘውን መሰብሰብ ሥራህ ነው። ለወዳጅ ስትቀንስ ደግ የሆንክ ይመስልሃል፤ ወዳጅ የሌለው ሰው ሙሉውን ይከፍላል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ለወታደሮቹ የጨመረላቸው ቃል ነው፤ «ደመወዛችሁም ይብቃችሁ»። የቤት ኪራዩን አውቀዋለሁ፤ የጤፉን ዋጋማ እኔው ራሴ እየሸጥኩት ነው። ይበቃሃል ብዬ አልዋሽህም። ደመወዝ ይጨመርልኝ ብሎ አለቃን በግልጽ መጠየቅም ኃጢአት አይመስለኝም። የጎደለህን ፊትህ ከቆመው ሰው ኪስ አትሙላ፤ እኔ ቃሉን የምረዳው እንዲህ ነው።

ደግሞ ቅደም ተከተሉን ተመልከት። ዮሐንስ ስለ ደመወዝ ከመናገሩ በፊት ለሕዝቡ ሁሉ «ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል» ብሏል። ይሄ እኛን ዘመዶችህን ይመለከታል፤ ማካፈል ሲገባን እንጠይቃለን። ልጅ ሥራ ያዘ ሲባል ቤተ ዘመድ ሁሉ እጁን ይዘረጋል፤ አንዱ ለሠርግ፣ አንዱ ለቤት ክዳን። ልጁ ከየት ያምጣው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስንት ጨዋ ልጅ በዚህ ተበላሽቷል! ጉቦኛውን በአደባባይ እንረግማለን፤ በድግሳችን ግን የክብር ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን።

ስለዚህ ለእኔ ብር አትላክ። ሱቁ ያኖረኛል። የእህትህንም የትምህርት ክፍያ ዘንድሮ እኔው እችለዋለሁ። ወሩ መጨረሻ ላይ ካጠረህ ከማንም በፊት ለእኔ ደውል፤ ከባለጉዳይ ግን እንዳትበደር። ሽሮና በርበሬ ከሰኞው አውቶቡስ ጋር እልክልሃለሁ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። አጎትህ ስልክ ቁጥርህን ከእኔ ወስዷል። የመጋዘኑን ግብር «እንድታይለት» ሊደውልልህ ነው። በአክብሮት አናግረው፤ ጉዳዩን ግን እንደማንም ሰው ወረፋ ይዞ ያስጨርስ። ተቆጥቶ ወደ እኔ ይደውላል። ይደውል፣ መልሱ እኔ ጋ አለ።

እናትህ