ለአባዬ፣ ከናርቪክ፣ ኖርዌይ

አባዬ እንደምን ከረምክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይሄን ሚሚ ፕሪንት አርጋ ታነብልሃለች። በስልክ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ብር አትጨርሺ" ብለህ ስለምትዘጋብኝ ነው በጽሑፍ ያረኩት፣ ወረቀት አይዘጋም። ሚሚ ምንም ሳታስቀሪ አንብቢለት እሺ፣ እየመረጥሽ አይደለም።

ልጆቹ አድገዋል። ሶስና የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ እማዬን ቁርጥ ነው የምትመስለው፣ ቪዲዮ እልክልሃለሁ። ናታን በቁመት አልፎኛል፣ አማርኛው ትንሽ ይሰበራል ግን ይሰማል። ባለፈው ከትምህርት ቤት የጦርነት ሙዚየሙ ወስደዋቸው ስለ ፖላንድ ተራራ ወታደሮች ጻፉ ተብሎ መጣ፣ ከዛ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። "አያቴም የተራራ ወታደር አልነበረም እንዴ?" አለኝ። ነበር አልኩት። የት? ናቅፋ። ከዛስ? ከዛማ ምን ልበለው አባዬ፣ እኔም የማውቀው እዛው ድረስ ነው። ዝም ከምል ብዬ የፖላንዶቹን አብሬው አነበብኩ፣ ላንተም ልንገርህ፣ ከሁላችንም በላይ የሚገባህ ላንተ ነው።

ነገሩ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፣ ጠቡ የብረት ጠብ። ስዊድን ውስጥ ኪሩና ከሚባል ቦታ የብረት ማዕድን በባቡር እዚህ ይመጣል፣ ወደቡ ክረምቱን በረዶ ስለማይዘጋው መርከብ ሁሌ ይጭናል፣ ዛሬም ባቡሩ ሲያልፍ ቤቴ ድረስ ይሰማል። ጀርመን ያለዚህ ብረት ጦርነቱ ስለማይሆንላት በ1940፣ በኛ ሚያዝያ 1 ቀን 1932፣ መጥታ ያዘችው። ፖላንዶቹ አገራቸው ከዛ በፊት ባለው ዓመት በጀርመንና በሶቪየት ተወስዳ ያለቀች ናት። በሀንጋሪና በሩማንያ አምልጠው ፈረንሳይ የገቡ አሉ፣ ድሮውኑ ፈረንሳይ ተሰደው ከሰል ሲቆፍሩ የኖሩም ብዙ ናቸው። እነሱን ሰብስበው በየካቲት 1940 አንድ ብርጌድ አቋቋሙ፣ ወደ 5,000 ሰው፣ አዛዡ ዚግሙንት ቦሁሽ ሺሽኮ የሚባል። ስሙን የፖድሃሌ ተኳሾች አሉት፣ ፖድሃሌ ደቡብ ፖላንድ ታትራ ተራራ ስር ያለ አገር ነው፣ የዛ አገር ወታደር ባርኔጣው ላይ የንስር ላባ ይሰካል። መጀመሪያ የታሰቡት ፊንላንድ ከሶቪየት ጋር ስትዋጋ እሷን ለማገዝ ነበር፣ ፊንላንድ በመጋቢት ስትታረቅ ወደዚህ ዞሩ። ስማቸው የተራራ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ተራራ ላይ ያደጉ አልነበሩም፣ ናታን በዚህ በጣም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ እማዬ "ከአድአ ሜዳ አንስተው ተራራ ላይ ሰቀሉብኝ" ትል የነበረው ትዝ ብሎኝ።

የተዋጉበት አንከነስ ከኛ ማዶ ነው፣ መሀላችን ያለው ባህር ብቻ ነው፣ ዕቃ ሳጥብ በመስኮት ይታየኛል። በግንቦት እዛ ዳገት ላይ ከላይ በረዶ ነው ከስር የቀለጠ ውሃ፣ ትረግጣለህ፣ ትሰጥማለህ፣ ጫማህ ውስጥ ይገባና ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ዛፉ አጭር ነው፣ አይሸሽግም። አለቱን ቆፍረህ ምሽግ አታወጣም። ደሞ ፀሐይ አትጠልቅም፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጋዜጣ ይነበባል። በጨለማ ልጠጋ፣ በጨለማ ቁስለኛ ላውርድ ማለት የለም፣ የጀርመን አውሮፕላን በፈለገው ሰዓት ይመጣል፣ ከፊት ደሞ የጀርመኑ ጄኔራል ዲትል ሰዎች አሉ፣ እነሱ እውነተኛ የተራራ ወታደር ናቸው። የፖላንዶቹ መርከብ ግሮም ቀደም ብሎ በአውሮፕላን ተመቶ 59 ሰው ይዞ ሰጥሟል። ብርጌዱም ወደ 100 ሰው ሞተበት። ግን አንከነስን ያዙ፣ እስከ ባይስፍዮርድ መንደርም ደረሱ፣ ኖርዌጆቹና የፈረንሳይ ሌጅዮን፣ የውጭ አገር ሰዎች የሚቀጠሩበት ጦር፣ ደሞ ናርቪክን ያን ቀን አስለቀቁ። ቀኑ በነሱ ሜይ 28 ነው።

በኛ አስላው አባዬ። ግንቦት 20።

እዚህ ያን ቀን አበባ ያስቀምጣሉ። አንተ በግንቦት 20 ቴሌቪዥኑን አጥፍተህ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ትተኛ ነበር፣ እማዬ "ራሱን አሞታል" ትለን ነበር።

ድሉ ደሞ ምን ሆነ መሰለህ፣ ልቀቁ ተባሉ። ጀርመን ፈረንሳይን እየጣለች ስለነበር ጦሩ እዛ ተፈለገ፣ ሰኔ 8 በነሱ አቆጣጠር ሁሉም ወጥቶ አለቀ። ያን ሁሉ ዳገት በደም ይዘው፣ ከዛ ጥለው መውጣት። ፈረንሳይ ሲደርሱ እሷም እየወደቀች ነው፣ ብርጌዱ በጥቂት ቀን ተበተነ፣ የተማረከ ተማረከ፣ የተደበቀ ተደበቀ፣ ገሚሱ እንግሊዝ ገባ። አብሯቸው የነበረው ሌጅዮን፣ 13ኛው፣ በዓመቱ የት ሄዶ ጣልያንን እንደወጋ ታውቃለህ? ከረን! ከዛም ምጽዋ። ከረን ሲባል ሰማሁ ብዬ የማስታውሰው አንተና ጋሽ ታዬ ስለ ብርቱካኑ ስታወሩ ነው፣ እኔ ስገባ ዝም አላችሁ።

ስማቸው ግን አልሞተም፣ ስኮትላንድ ውስጥ በዛው ስም አንድ ሻለቃ ቆመ፣ በጄኔራል ማቼክ ብረት ለበስ ክፍለ ጦር ውስጥ ሆኖ በ1944 ኖርማንዲ ተዋጋ። ጦርነቱ ሲያልቅ ኮሚኒስቶቹ አገሪቱን ያዙና የማቼክን ዜግነት ቀሙት፣ ያ ሁሉ ጄኔራል ኤድንብራ ሆቴል ውስጥ መጠጥ ቀጂ ሆኖ ሠራ። ይሄን ያነበብኩት ሥራ ቦታ በእረፍት ሰዓት ነው፣ ሻዬ ቀዘቀዘ። ያ መጋዘን በር ላይ ያንን ሰፊ ካፖርት ለብሰህ ቆመህ ታየኸኝ።

አሁን የምለው ያስቀይምህ ይሆናል፣ ግን ሚሚ አንብቢው። ፎቶውን ለምን አቃጠልከው? አምስተኛ ክፍል ሆኜ ለግንቦት 20 በዓል የቤተሰብ ታሪክ አምጡ ሲሉን ከሳጥኑ አውጥቼ ወሰድኩት፣ አንተ በዩኒፎርም፣ ጋሽ ታዬ፣ ሌሎች ሦስት ሰዎች፣ ከኋላ ድንጋይ ብቻ። አስተማሪው አይቶት የተናገረውን ለማንም አልተናገርኩም፣ ዛሬም አልናገረውም። እያለቀስኩ ስገባ አንድ ቃል ሳትጠይቀኝ ከእጄ ወስደህ ምድጃው ውስጥ ከተትከው። ጠርዙ ሲጠቀለል አይቻለሁ። ከዛ "አባትሽ ዘበኛ ነው በያቸው፣ ድሮም ዘበኛ ነበር" አልክ። ፈርተህ እንደሆነ አሁን ይገባኛል፣ ለኛ ብለህም ይሆናል። ያን ጊዜ ግን ልጅ ነበርኩ አባዬ፣ ያፈርክብኝ መስሎኝ ነው ያደግኩት፣ ደሞ የወጣትነት ፎቶህ እሱ ብቻ ነበር። ፖላንዶቹ እዚህ መቃብር ላይ ስማቸው በድንጋይ ተጽፏል፣ የሰው አገር ላይ። ያንተን ጓደኞች ስም ከአንተ በቀር የሚያውቅ ማን አለ?

ይቅር፣ ወደ እግርህ ልምጣ። ሚሚ ፎቶ አንስታ ልካልኛለች፣ እንዳትቆጣት፣ እኔ ነኝ ያስገደድኳት። ሥራዬ ይሄው ነው፣ የሽማግሌ እግር ሳጥብ ነው የምውለው፣ የጠቆረውን አይቻለሁ፣ ሽታ አለው ወይ ብያት ዝም አለች። ሐኪሙ ሁለት ጣት ነው ያለው። "ሙሉ አካሌን ይዤ ነው የምቀበረው" ብለሃል አሉ። አባዬ ጣቱ ዛሬ ካልተቆረጠ በኋላ እግሩ ነው የሚቆረጠው፣ እግሩ ካልተቆረጠ ደሞ፣ እሱን አልጽፈውም። ናቅፋ ያልወሰደብህን እግር ለስኳር ልትሰጠው ነው? እኔ እስከ ክረምት ፈቃድ አላገኝም፣ ጠይቄያለሁ፣ ስለዚህ እስክመጣ እያልክ እንዳታዘገየው፣ እየጠበቅከኝ እንደሆነ ሚሚ ነግራኛለች።

ባዶ እግርህን ግቢ ውስጥ አትውጣ። ጨው በሙቅ ውሃ አድርገህ አትንከር፣ ጎረቤት ያለው ሁሉ መድኃኒት አይደለም። ኢንሱሊኑ መብራት ሲጠፋ እነ እትዬ አስካለ ፍሪጅ ይግባ፣ ጄኔሬተር አላቸው።

ቀጠሮው ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ የሚሚ ባል በመኪና ይወስድሃል፣ ብሩን ልኬያለሁ፣ በባጃጅ እንዳትሄድ። ስታገግም ናታን ይደውልልሃል፣ ጥያቄዎቹን በአማርኛ እያጻፈኝ ነው፣ የመጀመሪያው ከጋሽ ታዬ በስተቀኝ የቆመው ማነው የሚል ነው። ፎቶውን አላየውም፣ እኔ ነግሬው ነው። ለሱ ንገረው፣ ለኔ ባትነግረኝም።

ሚሚ ካርዱንና የድሮውን የምርመራ ወረቀት አትርሺ፣ ቁርስ እንዳይበላ ብለዋል፣ ግን ከረሜላ ኪስሽ ያዢ ስኳሩ ከወረደ።

ልጅህ ትዕግስት