ለወንድሜ፦ ስለ አይሱዙው የፊት ጎማ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለካሳሁን፤ ከሻርጃ

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የላክኸውን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲገባ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ በሾፌር በኩል ያለው የፊት ጎማ አንድ ጎኑን በልቷል፣ ሜካኒኩም «ኪንግፒኑም ኩሽኔታውም ቴስቲናውም ይቀየር» ብሎሃል። እንደምታውቀው ኪንግፒኑ የፊት ጎማው ወደ ግራና ቀኝ ሲታጠፍ የሚዞርበት ወፍራም ፒን ነው፤ ኩሽኔታው ጎማው የሚሽከረከርበት ነው፤ ቴስቲናው የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው መጋጠሚያ ነው። ሦስቱም አንድ ላይ የሚያልቁበት ጊዜ አለ። ግን ሳይለዩ መቀየር ገንዘብ ይበላል፣ ዋናው ብልሽትም ተሸፍኖ ይቀራል። ከሱማሌ ተራ አንድም ዕቃ ከማስመጣትህ በፊት የሚነቃነቀው የቱ እንደሆነ እዚያው ግቢህ ውስጥ ለይ።

መኪናውን ባዶውን፣ ደረቅና ሜዳ ቦታ ላይ አቁምና የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዝ። የእጅ ፍሬኑን ብቻ አትመን። እንደ አንተው ባለ አይሱዙ ኤንፒአር ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው፤ ስለዚህ አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ከለቀቀ መኪናው መሄድ ይችላል። ክሪኩን ከተደራራቢው የብረት ሞላ፣ ከባሌስትራው፣ አጠገብ አክስሉ ሥር አስገብተህ ጎማው ከመሬት አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ሲነሳ፣ አክስሉን በጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ አሳርፈው። ብሎኬት አትጠቀም፤ ሳይታሰብ ይሰነጠቃል።

አሁን ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ወዝውዘው። ከተነቃነቀ ረዳትህ የእግር ፍሬኑን ረግጦ ይያዝልህና እንደገና ሞክር። ፍሬኑ ሲያዝ ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር ቀጥ አድርጎ ስለሚይዝ ኩሽኔታው ከጨዋታው ይወጣል። መነቃነቁ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ፍሬን ተይዞም ከቀጠለ የኪንግፒኑ ነው። ቀጥለህ ከግራና ከቀኝ ይዘህ ወዝውዝ። እዚህ ላይ ዓይንህ ጎማው ላይ ሳይሆን ቴስቲናዎቹ ላይ ይሁን፦ የመሪው ዘንግ ሳይንቀሳቀስ ጎማው ብቻ ከሄደ ቴስቲናው አልቋል። በመጨረሻ አንድ እጅህን ባሌስትራው ላይ አድርገህ ጎማውን አሽከርክር። ኩሽኔታው ከተበላ መንገራገሩ በባሌስትራው በኩል እጅህ ላይ ይሰማሃል። በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚፋጭ ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፍሬን ሸራ ነው።

የጎማውን ገጽታም ችላ አትበል። መዳፍህን ጥርሱ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያ ከውጭ ወደ ውስጥ አሳልፈው። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው ከቆረጠህ የጎማ አቀማመጡ፣ ማለትም አላይመንቱ፣ ተዛብቷል። አንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ከሆነ፣ አንተ እንዳልከው፣ ጎማው ከላይ ወይም ከታች አጋድሏል፤ ይህም ልቅ ኩሽኔታን ወይም ያለቀ ኪንግፒንን ያስጠረጥራል። ልቅ ዕቃ እያለ አላይመንት ማሠራት ግን ዋጋ የለውም።

ኩሽኔታው ሆኖ ከተገኘ አንተና ረዳትህ ትሠሩታላችሁ። የጎማውን ዳዶዎች ከመፍታትህ በፊት የብሎኑን ጫፍ እይ። ብዙ የቆዩ አይሱዙዎች በግራ በኩል ግራ ዞሮ የሚጠብቅ ጥርስ አላቸው፤ «ኤል» የሚል የላቲን ፊደል ካለበት የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይህን ሳያዩ በረጅም ቧንቧ ሲታገሉ ብሎን የሚቆርጡ ብዙ ናቸው። ታምቡሩ አልወጣም ካለ የሸራውን ማስተካከያ ወደኋላ መልሰው እንጂ በመዶሻ አትደብድበው። የውጭው ኩሽኔታ እንዳይወድቅም በእጅህ ያዘው።

ኩሽኔታውን በናፍጣ እጠብና ብርሃን ላይ አዙረህ ተመልከት። ሰማያዊ ቀለም ካለው በሙቀት ተቃጥሏል። ከሚሽከረከርበት ቀለበት ላይ ብረት እየተላጠ ከሆነ ዕድሜው አልቋል፤ ጥቁር የዝገት ነጥብ ካለ ውኃ ገብቷል። ከሦስቱ አንዱን ካየህ ኩሽኔታውንና ቀለበቱን አብረህ ቀይር። አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ ቀለበት ላይ ቶሎ ይበላል። አሮጌው ቀለበት ሞዞው፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርበት እምብርት፣ ውስጥ ይዞር ከነበረ ደግሞ ሞዞውን በሾለ ብረት፣ በፑንቶ፣ ነጥብ ነጥብ እየመቱ ወይም ቆርቆሮ እያስገቡ ማጥበቅ የተለመደ ነው። እባክህ እንዳታደርገው። ቀለበቱ የሚቀመጠው በነጥቦቹ ጫፍ ላይ ብቻ ስለሚሆን ጭነት ሲመጣ ይዘምማል። ሞዞውን ቀይር።

አዲሱን ቀለበት ለስላሳ ብረት እያስደገፍህ፣ ከግራም ከቀኝም እያፈራረቅህ በቀስታ አስገባው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል፣ የጠነከረ ይሆናል። ለጎማ ኩሽኔታ የተሠራ ቁጥር 2 የሊትየም ግሪስ ተጠቀም፤ አሮጌውን ሙልጭ አድርገህ አውጣ፣ ሁለት ዓይነት አትቀላቅል። ግሪሱን መዳፍህ ላይ አድርገህ በሰፊው ጎን በኩል እየተጫንክ በሌላው ጎን እስኪወጣ ሙላው። ሞዞውን ግን ጢም አታድርገው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ፍሬኑ ሲግል የተረፈው ግሪስ ቀልጦ ሸራው ላይ ይፈሳል፤ ያኔ ፍሬኑ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ግሪሱ እንዳይወጣ የሚያግደው ኦይል ሲልም ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፣ ከንፈሩ ወደ ግሪሱ ይዙር።

ዋናው ሥራ ኩሽኔታውን የሚያጠብቀውን ዳዶ ማስተካከል ነው፤ ከልቅ ኩሽኔታ ይልቅ ከመጠን በላይ የጠበቀው የበለጠ ያስፈራኛል። ልቁ ይንጫጫል፣ ያስጠነቅቅሃል። የጠበቀው ዝም ብሎ ይግላል፤ ግሪሱን ካቃጠለ በኋላ መንገድ ላይ ይነክሳል። ሞዞውን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እያዞርክ ዳዶውን እስኪከብድህ አጥብቅ፤ ኩሽኔታው ቦታውን የሚይዘው ያኔ ነው። ከዚያ ላላ አድርገውና መነቃነቁ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ መልሰህ አጥብቅ። ሞዞው በእጅ ያለ ችግር መዞር አለበት። ለትክክለኛው ልክ የመኪናው መጽሐፍ ሞዞውን በብሎኑ በኩል በመጎተቻ ሚዛን የሚለካበትን ቁጥር ይሰጣል፤ መጽሐፉ ካለህ እሱን ተከተል። መቆለፊያውን ሳታስገባ ክዳኑን አትግጠም።

የጎማ ዳዶዎቹን በተቃራኒ እያፈራረቅህ አጥብቅ፤ ልኩ 440 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። መለኪያ ቁልፍ ከሌለህ፣ አንድ ሜትር በሆነ ቧንቧ ጫፍ ላይ የ45 ኪሎ ክብደት ማለት ነው። ቧንቧው ላይ ቆሞ መዝለል ብሎኑን ይስባል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ እንደገና አጥብቃቸው። መጀመሪያ ቀን አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ፍሬን ሳታበዛ ነድተህ ቁምና የሁለቱን ሞዞዎች ሙቀት በእጅህ ጀርባ አመዛዝን፤ የሠራኸው ብቻውን ከጋለ አላላው።

ኪንግፒኑ ከሆነ ቤት አትጀምረው። ኪንግፒኑ የሚቀመጥባቸው ቡሾች በፕሬስ ገብተው በልክ መሞረድ ስላለባቸው ቶርኖ ቤት ስጠው። ሲገጠምልህ የፊቱን ከመሬት አንስተህ ከላይም ከታችም አሮጌው ግሪስ እስኪወጣ ግሪስ አስገባ፤ ክብደቱ እላዩ ላይ እያለ ግሪሱ ወደ ተጫነው ጎን አይደርስም።

የፍሬን ሙከራው ምን እንዳሳየህ ጻፍልኝ። ኩሽኔታው ከሆነ ጠርዙ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር የውስጠኛውንም የውጭኛውንም ኩሽኔታ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ከነኦይል ሲሉ ከዚህ ገዝቼ ወደዚያ በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ። እስከዚያ ድረስ የጣርማ በርን ቁልቁለት ጭነህ አትውረድ።

ወንድምህ